ጄፒ-8000 ሲንተሳይዘርን ለመግዛት ለሚያስብ ኪቦርዲስት

የጃፓኑ ኩባንያ ሮላንድ የሠራውን ጄፒ-8000 ሲንተሳይዘር (ድምፅን ራሱ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥር ኪቦርድ) የምትፈልጉት «ሱፐርሶው» ለሚባለው ድምፁ ብቻ ከሆነ ገንዘባችሁን አቆዩት። ያ ድምፅ ዛሬ በነፃ በሚገኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ውስጥ እንኳ አለ። እኔ ይህን ኪቦርድ ለዓመታት ተጫውቼበታለሁ፤ ልሽጠው ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። የማልሸጥበት ምክንያት ስሙን ካስጠራው ድምፅ ይልቅ ፊቱ ላይ ከተደረደሩት ስላይደሮች፣ ማለትም ወደ ላይና ወደ ታች ከሚገፉት መቆጣጠሪያዎች፣ እንዲሁም ሰው ብዙም ከማያነሣቸው ሁለት ሦስት ችሎታዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። ምርቱ ከተቋረጠ ከሃያ ዓመት በላይ ስለሆነ የሚገኘው ከሁለተኛ እጅ ብቻ ነው፤ ባለቤት የቀያየረ አሮጌ ዕቃ ሲገዛ ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባ ነገር አለ። የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በሳምንቱ መጨረሻ በሠርግና በበዓል ዝግጅት ላይ ከኢትዮጵያውያን ሙዚቀኞች ጋር እጫወታለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ስቱዲዮ ተቀምጦ ለሚቀርጽ ባለሙያ ሳይሆን ኪቦርዱን ተሸክሞ የአዳራሽ ደረጃ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ነው።

የድምፁን ጠባይ ለመረዳት በየትኛው ዘመን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲንተሳይዘር ሲባል በአብዛኛው አናሎግ ነበር፤ ድምፁ የሚፈልቀው በቀጥታ ከኤሌክትሪክ ዑደት ነው። በ1981 የወጣው የሮላንድ ጁፒተር-8 ከነዚህ ውስጥ እስከ ዛሬ በአክብሮት የሚጠራ ነው። በ1983 ያማሃ ዲኤክስ-7 መጣ፤ በ1988 ኮርግ ኤም-1 ተከተለ። ሁለቱም ዲጂታል ናቸው። ኪቦርዲስቱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘር ጋር አዋሕዶ ሲቀርጽ ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ዲኤክስ-7 ነበር። ዲጂታሉ ጥርት ያለ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ግን መቆጣጠሪያዎቹ ከፊት ገጽ ጠፉ። ድምፅ መቀየር ማለት በጠባብ ስክሪን ላይ ገጽ ከገጽ እያገላበጡ አንድ ቁጥር መጨመርና መቀነስ ሆነ። በዲኤክስ-7 ላይ የራሱን ድምፅ ከባዶ የፈጠረ ኪቦርዲስት ስንት ነው? አብዛኛው ሰው ፋብሪካው የጫነለትን ተጫውቶ አለፈ።

በ1995 ክላቪያ የተባለ የስዊድን ኩባንያ ኖርድ ሊድ የሚባል ቀይ ኪቦርድ አወጣ። ውስጡ ዲጂታል ነው፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ የሚያሰላው የአናሎግ ዑደትን ጠባይ ነው፤ መቆጣጠሪያዎቹም ተመልሰው ፊት ለፊት ተደረደሩ። «ቨርችዋል አናሎግ» የሚለው አጠራር የተለመደው በዚህ ጊዜ ነው። ሮላንድ በ1996 ጄፒ-8000ን አስተዋወቀ፤ በ1997 ከጀርመን አክሰስ ቫይረስ፣ ከጃፓን ደግሞ ያማሃ ኤኤን1ኤክስ ወጡ። «ጄፒ» የሚለው ስም ጁፒተርን እንዲያስታውስ የተመረጠ ነው፤ ሆኖም መሣሪያው የጁፒተር-8 ቅጂ አይደለም። የጁፒተሩ ድምፅ ሞቅ ያለና ክብ ነው፤ የጄፒው ሰላ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለና ከላይ በኩል ትንሽ ብርጭቆነት ያለው ነው። ጁፒተርን በርካሽ አገኛለሁ ብሎ የሚመጣ ሰው ቅር ብሎት ይመለሳል።

አርባ ዘጠኝ ቁልፎች አሉት። ቁልፎቹ የእጅን ኃይል ይለያሉ፤ ከተጫኑ በኋላ ጫን ሲባሉ የሚመጣውን ለውጥ ግን አያነቡም። በአንድ ጊዜ ስምንት ድምፅ (ስምንት ኖታ) ብቻ ያወጣል። ሁለት የተለያዩ ድምፆችን ደርባችሁ ወይም ቁልፎቹን ለሁለት ከፍላችሁ ከተጫወታችሁ እነዚያው ስምንቱ ይከፋፈላሉ። ዛሬ መቶ ሃያ ስምንት ድምፅ የሚያወጣ ኪቦርድ የለመደ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር በቀኝ እጅ ዜማ፣ በግራ እጅ ድጋፍ ለሚጫወት ሰው ስምንት ይበቃል። የሚያስቸግረው ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲጠፋ ስታደርጉ ነው፤ ያለፈው ኖታ ገና ሳይጠፋ አዲሱ ይመጣና ቀዳሚው በድንገት ይቆረጣል። መፍትሔው «ሪሊዝ» የሚለውን ስላይደር ዝቅ አድርጎ ማስተጋባቱን ለዲሌይ፣ ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ለሚደግመው ክፍል፣ መተው ነው፤ ዲሌዩ ከስምንቱ አይቀንስም።

የፊት ገጹ ለተማሪ ሰሌዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ድምፁ ከሚፈልቅባቸው ሁለት ኦሲሌተሮች ትነሣላችሁ፤ ወደ ቀኝ ስትሄዱ የድምፁን ብርሃን የሚቆርጠው ፊልተር አለ፤ ከዚያ የድምፁን መጠን የሚወስነው ክፍል፤ መጨረሻ ላይ ድምፁን የሚያሰፋው ኮረስና ዲሌይ። ምልክቱ የሚሄድበትን መንገድ በዓይናችሁ ተከትላችሁ በጣታችሁ ትነኩታላችሁ፤ ለውጡም ወዲያው ይሰማል። ወጣት ልጆችን ሲንተሳይዘር ማስተማር ስፈልግ ኮምፒውተር አልከፍትላቸውም፤ ይህን አቀርብላቸዋለሁ። ፊልተሩ ዝቅተኛውን ብቻ፣ ከፍተኛውን ብቻ ወይም መሐሉን ብቻ የሚያሳልፍባቸው ሦስት አሠራሮች አሉት፤ አቆራረጡም በኦክታቭ 12 ወይም 24 ዴሲቤል ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ሰዓት ያሳለፈ ልጅ በየትኛውም ሲንተሳይዘር ላይ አይጠፋም።

አሁን ስለ ሱፐርሶው። የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ያለው ሞገድ በድምፅ ሀብት የተሞላ ስለሆነ የናስ መሣሪያም ሆነ የቫዮሊን ዓይነት ድምፅ ሲሠራ መነሻው እሱ ነው። ሮላንድ በአንዱ ኦሲሌተር ውስጥ እንዲህ ያሉ ሰባት ሞገዶችን አጨቀ፤ አንዱ በትክክለኛው ቃና ላይ ቆሞ ሦስቱ በትንሹ ከፍ፣ ሦስቱ በትንሹ ዝቅ ይላሉ። ሰባት ሰዎች አንድ ዜማ ሲያዜሙ ማናቸውም ከማናቸው ጋር ፍጹም እንደማይገጥሙት ነው፤ ያ አለመግጠም ድምፁን ሰፊና የሚርገበገብ ያደርገዋል። ሁለት ስላይደሮች ይቆጣጠሩታል፤ አንዱ ስድስቱ ጎረቤቶች ከመሐለኛው ምን ያህል እንደሚርቁ፣ ሌላው ምን ያህል ጎልተው እንደሚሰሙ ይወስናል። ሞገዶቹ ቁልፍ በተነካ ቁጥር ከአንድ ነጥብ አይነሡም፤ ስለዚህ ያንኑ ኖታ ደጋግማችሁ ብትመቱ አነሣሡ በየጊዜው በጥቂቱ ይለያል። ዋናው ነገር ይህ ሁሉ እንደ አንድ ኦሲሌተር ስለሚቆጠር ከስምንቱ ድምፆች ምንም አይወስድም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ትራንስ የሚባለው የጭፈራ ሙዚቃ አውሮፓን ሲያጥለቀልቅ ከትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ይወጣ የነበረው ያ ሰማይ ጠቀስ ድምፅ በአብዛኛው ከዚህ የተቀዳ ነበር። የምኖርበት ከተማ ከዚያ ሙዚቃ መነሻዎች አንዱ ስለነበር ዕድሜያቸው ከአርባ ያለፈ ጀርመናውያን ኪቦርዱን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል።

የመራራቂያው ስላይደር አካሄድ እኩል አለመሆኑን ልብ በሉ። ከታች ጀምሮ ረጅም መንገድ ሲሄድ ለውጡ በጣም ትንሽ ነው፤ ወደ ላይኛው ጫፍ ሲጠጋ በድንገት ይፈነዳል። ሮላንድ ሆን ብሎ ያደረገው ነው፤ ጆሮ የሚወደው መጠን የሚገኘው ታችኛው በኩል ስለሆነ እዚያ ለማስተካከል ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። በ2010 በስቶክሆልም አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ድምፅ አሠራር ላይ ጽፎ ይህንኑ ጠማማ መስመር ለክቶ አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ድምፁን በቅርበት መምሰል የቻሉት አንድም በዚያ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ገዥዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ስላይደሩን እስከ ጫፍ መግፋት ነው። እንዲያ የተገፋ ድምፅ በመዝሙርም ሆነ በዘፈን ላይ የዘፋኙን ቃና ያስታል፤ ዘፋኙ የቱን ይዞ ይዝፈን?

ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ሱፐርሶውን የምጠቀምበት መንገድ ከትራንሱ ይለያል። በትዝታ ሜጀር፣ ማለትም ከዶ ሲነሣ በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ላይ፣ ሰፋ ያለ ድጋፍ ያምራል፤ ኖታዎቹ ስለሚራራቁ የሰባቱ ሞገዶች መርገብገብ እርስ በርሱ አይጋጭም። አንቺሆዬ ላይ ግን ነገሩ ይበላሻል። በዚያ ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጎረቤቶች አሉ፤ ከዶ ሲነሣ ዶና ዝቅ ያለው ሬ፣ ፋና ዝቅ ያለው ሶል። በሱፐርሶው አንዱ ገና ሳይጠፋ ሌላው ሲመጣ የሁለቱ ሞገዶች ተደበላልቀው ጭቃ ይሆናሉ። ስለዚህ በአንቺሆዬና በአምባሰል ላይ መራራቂያውን ከሞላ ጎደል እዘጋዋለሁ፤ የመጥፊያ ጊዜውን አሳጥራለሁ፤ በግራ እጄም የምዕራባውያንን ሦስት ኖታ ኮርድ ትቼ መነሻውንና ቅኝቱ የሚፈቅደውን አንድ ኖታ ብቻ እይዛለሁ። በአንቺሆዬ አምስተኛው ንጹሕ እንዳልሆነ የዘነጋ ግራ እጅ ዘፋኙን ያሳዝናል።

የሠርግ አዳራሽ ለሚጫወቱ ሌላ ነገር ልጨምር። በብዙ አዳራሾች የድምፅ ማጉያው በግራና በቀኝ ቢቆምም የሚሰማው ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱ መስመሮች ሚክሰሩ ላይ ተደምረዋል። ስፋታቸውን ከስቴሪዮ ኮረስ የሚያገኙ ድምፆች እንዲህ ሲደመሩ ይሳሳሉ። የጄፒው ሱፐርሶው ስፋቱን የሚያገኘው ከራሱ ከሞገዶቹ እንጂ ከግራና ከቀኝ ልዩነት ስላልሆነ በአንድ ገመድም ጉልበቱ አይጠፋም። እኔ አዳራሽ ስገባ ኮረሱን ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ። የታችኛውን ድምፅም እቀንሳለሁ፤ ለዚህ ፊት ለፊት የ«ቤዝ» እና የ«ትሬብል» ማስተካከያ አለው። ቤዝ ጊታር በሚጫወትበት ባንድ ውስጥ የሱፐርሶው የታች ድምፅ ከእንቅፋት በቀር ጥቅም የለውም።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የዜማ ድምፁን ነው። ማሲንቆን ልምሰል ብሎ የሚነሣ ኪቦርዲስት አብዛኛውን ጊዜ ከአሬንጀር ኪቦርድ (አጃቢ ምትና የተቀዱ ድምፆች ካሉት ኪቦርድ) ውስጥ የተቀዳ ማሲንቆ ይጠራል። የተቀዳው ድምፅ እያንዳንዱ ኖታ ላይ ያንኑ የቀስት አነሣሥ ይደግማል፤ ሦስተኛው ኖታ ላይ ሲደርስ ማሽንነቱ ይታወቃል። በጄፒው ማሲንቆ አይገኝም፤ የማሲንቆ ጠባይ ግን ይገኛል። ማሲንቆ አንድ የጭራ ክር ብቻ ስላለው ሱፐርሶውን ተዉት፤ በመጀመሪያው ኦሲሌተር ላይ ተራውን የመጋዝ ጥርስ ምረጡና የሁለቱን ኦሲሌተሮች ሚዛን ሙሉ በሙሉ ወደ እሱ መልሱ። ፊልተሩን መሐሉን ብቻ ወደሚያሳልፈው አሠራር አዙሩ፤ በ12 ዴሲቤል ይሁን። ሬዞናንሱን እስከ መሐል ከፍ አድርጉት፤ አፍንጫማነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ከዚያ «ሞኖ» እና «ሌጋቶ» የሚሉትን ቁልፎች አብሩ፤ አንድ ኖታ ሳይለቀቅ ሌላው ሲነካ ድምፁ እንደ አዲስ ሳይነሣ ይቀጥላል። ከኖታ ወደ ኖታ የሚያንሸራትተውን ፖርታሜንቶ ለጆሮ እስኪታወቅ ያህል ብቻ ጨምሩ። የክሩ ሻካራነት ከፈለጋችሁ ሁለተኛው ኦሲሌተር መጀመሪያውን የሚያናውጥበትን «ክሮስ ሞድ» ትንሽ ክፈቱ፤ በዝቶ ከተከፈተ ግን ዜማው ራሱ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ነው ሪበኑ የሚመጣው። ከቁልፎቹ በስተግራ ጣት የሚንሸራተትበት ጠፍጣፋ ጥብጣብ አለ። ይህን ሪበን ለምትፈልጉት ስላይደር መመደብ ይቻላል፤ ከአንድ በላይ ስላይደሮችንም በአንድ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። የእኔ ምደባ ፊልተሩን እንዲከፍትና የመንቀጥቀጫውን መጠን እንዲጨምር ነው። ጣቴ ወደ ቀኝ ሲሄድ ድምፁ ይጮኻል፣ ይንቀጠቀጣልም፤ ስመልሰው ያጉረመርማል። ከእጅ ኃይል ጋርም እንዲሁ ስላይደሮችን ማያያዝ ስለሚቻል ጠንከር ብሎ የተመታ ኖታ ድምፁ ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን ጠባዩም ይለወጣል። ቁልፍን ጫን በማለት መንቀጥቀጥ አለመቻሉ ያበሳጨኝ የነበረው ሪበኑን እስክለምድ ድረስ ነው።

አንድ ልምምድ ላይ ማሲንቆ የሚጫወቱ አንድ አዛውንት ይህን ድምፅ ሰምተው ጠጋ አሉና «ልጄ፣ ለቅሶው ተገኝቷል፤ ግን ያቺ ኖታ ትንሽ ዝቅ ትበል» አሉኝ። ልክ ናቸው። የአገራችን ዘፋኞችና ማሲንቆ ተጫዋቾች በአንዳንድ ቅኝቶች ላይ የሚይዙት ቃና በፒያኖ ቁልፎች መሐል የሚወድቅ ነው። ብዙ አሬንጀር ኪቦርዶች የእያንዳንዱን ኖታ ቃና ለየብቻ የሚያስተካክሉበት መንገድ አላቸው፤ ጄፒው የለውም። ያለው መፍትሔ በእጅ ነው። ቃናውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የፒች ቤንደር ክልል ወደ አንድ ወይም ሁለት ግማሽ ድምፅ አጥቡትና ያቺን ኖታ ስትነኩ ቤንደሩን በጥቂቱ ሳብ አድርጉት። ክልሉ ሰፊ ከሆነ ትንሽ መሳብ ብዙ ስለሚወስድ እጅ አይቆጣጠረውም። መጀመሪያ ላይ አድካሚ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ቃና ከሚሰጥ ቋሚ ማስተካከያ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ማሲንቆ ተጫዋቹም ቢሆን ጣቱ በየጊዜው አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። «ታዲያ ጋሼ፣ አሁንስ?» ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ማሲንቋቸው ተመለሱ። ፈቃድ ነው ብዬ ወሰድሁት።

ለዋሽንት ዓይነት ድምፅ መንገዱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ኦሲሌተር «ኖይዝ» የሚለውን፣ በሁለተኛው ባለ ሦስት ማዕዘኑን ሞገድ ምረጡና ሚዛኑን ወደ ሁለተኛው አድሉ፤ የቀረችው ትንሽ ጫጫታ ትንፋሹን ትሰጣለች። አነሣሡን ለስለስ አድርጉት፣ ዲሌይ ጨምሩበት። ክራር ግን አልሆነልኝም። አጭር፣ ተነክቶ የሚጠፋ ድምፅ ማውጣት ይችላል፤ የሚወጣው ግን ጥሩ የሲንተሳይዘር ድምፅ እንጂ ክራር አይደለም፤ ትግሉን ትቼዋለሁ።

ፒያኖ፣ ኦርጋን፣ እውነተኛ የናስ መሣሪያ፣ ከበሮ ከዚህ አትጠብቁ። የተቀዳ ድምፅ በውስጡ የለም። በሠርግ ላይ ብቸኛ ኪቦርዳችሁ ሊሆን አይችልም፤ እኔ ሁልጊዜ ከሥሩ ሌላ ኪቦርድ አስቀምጣለሁ። ፋብሪካው የጫናቸው ድምፆችም አብዛኞቹ የዘመኑን የጭፈራ ቤት ጣዕም የተከተሉ ስለሆኑ ለእኛ ሥራ የሚውሉት ጥቂቶች ናቸው። የተያዙትን ኖታዎች አንድ በአንድ በተራ የሚያጫውተው አርፔጂዮ ግን እንዳይናቅ። ምት የሚከፋፈልባቸው ብዙ ዓይነቶች ስላሉት በሦስት በሦስት የሚከፋፈለውን ከመረጣችሁ ለችክችካ የሚገጥም ይሆናል፤ በዝግታ የሚሄድ ፊልተር ሲታከልበት ከበሮው ሥር ደስ የሚል ሩጫ ይፈጥራል። ከበሮውን ከኮምፒውተር ወይም ከድራም ማሽን የምታስኬዱ ከሆነ በሚዲ (መሣሪያዎችን እርስ በርስ በሚያገናኘው መስመር) ፍጥነቱን ከዚያ እንዲቀበል አድርጉት። ከሰው ከበሮ ጋር ግን አታብሩት፤ ከበሮ መቺ ሲሞቀው ይፈጥናል፣ ማሽኑ ደግሞ አይሞቀውም።

«ሞሽን ኮንትሮል» የሚባለው ሌላው ችሎታው የስላይደሮችን እንቅስቃሴ ቀድቶ ደጋግሞ ያጫውታል። ፊልተሩን በእጅ ከፍታችሁና ዘግታችሁ ከቀዳችሁት እጃችሁ ነፃ ሆኖ ድምፁ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። አጫጭር ሐረጎችን በየቁልፉ ላይ ቀድቶ በአንድ ጣት የሚጠራ አሠራርም አለው፤ እኔ ብዙ አልጠቀምበትም፣ ቀላል የመግቢያ ዜማ ለሚደጋገምባቸው ዘፈኖች ግን የሚያወድሱት ጓደኞች አሉኝ።

ወደ ግዢው እንሂድ። ከሁሉ አስቀድሞ ከጀርባው የተጻፈውን ቮልቴጅ አንብቡ። ይህ ኪቦርድ ለየአገሩ ተለይቶ የተሠራ ነው፤ ለጃፓን ገበያ የተሠራው በ100 ቮልት፣ ለሰሜን አሜሪካ የተሠራው በ117 አካባቢ፣ ለአውሮፓ የተሠራው በ230 ነው። ኃይል ማቅረቢያው ውስጡ ስለሆነ አዳፕተር በመቀየር ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም። በኢንተርኔት ለሽያጭ ከሚቀርቡት ብዙዎቹ ከጃፓን የሚላኩ ናቸው፤ ንጹሕና በጥንቃቄ የተያዙ ቢሆኑም 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰኩ ያበቃላቸዋል። ከዋሽንግተን ወይም ከቶኪዮ ወደ አዲስ አበባ ልትወስዱ ካሰባችሁ ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር አብሮ ይገዛ። ትራንስፎርመሩም መድረክ ላይ ማንም በስሕተት እንዳይነቅለውና ኪቦርዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ እንዳይሰካው ከገመዱ ጋር በፕላስተር ይታሰር፤ የመድረክ ረዳት ጨለማ ውስጥ ጽሑፍ አያነብም።

ሻጩ ቤት ስትደርሱ ስላይደሮቹን አንድ በአንድ ከታች እስከ ላይ በዝግታ አንቀሳቅሱ። ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ሳይዘል መውጣት አለበት። ወዲያና ወዲህ የሚዘል ከሆነ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው፤ ለኤሌክትሮኒክስ ግንኙነት ማጽጃ ተብሎ የሚሸጠው ስፕሬይ ይመልሰዋል። ስፕሬዩ ቅባት የሌለውና ፕላስቲክ የማይጎዳ መሆኑን ጠይቁ። ከጽዳት በኋላም የሚዘል ከሆነ ስላይደሩ አልቋል ማለት ነው፤ የዋጋ መደራደሪያ አድርጉት። በተለይ የፊልተሩን ስላይደሮች ፈትሹ፤ ማንም ሰው ይህን ኪቦርድ ሲነካ መጀመሪያ የሚያንቀሳቅሰው እነሱን ስለሆነ ቀድመው የሚያረጁት እነሱ ናቸው። ከዚያ አርባ ዘጠኙንም ቁልፍ በለስላሳም በጠንካራም ምቱ፤ አንዳንዱ ጮክ ብሎ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ከሥሩ ያለው ጎማ መጽዳት ይፈልጋል። ሪበኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣት ሂዱበት፤ ድምፁ በየትኛውም ቦታ ላይ መቋረጥ የለበትም። ስምንት ቁልፎች በአንድነት ያዙና ሁሉም መሰማታቸውን አረጋግጡ። ይህን ሁሉ በጆሮ ማዳመጫ አድርጉት፤ የሻጩ ድምፅ ማጉያ ጉድለት ይሸፍናል።

በውስጡ የሠራችኋቸውን ድምፆች የሚጠብቅ ባትሪ አለ። ባትሪው ሲያልቅ የሚጠፋው የእናንተ ሥራ እንጂ ፋብሪካው በቋሚነት የጫነው አይደለም። ኪቦርዱ በተገዛ ዕለት ከምንም በፊት በሚዲ ወደ ኮምፒውተር ሙሉ ይዘቱን ቅዱ። የዩኤስቢ መግቢያ ስለሌለው ሚዲን ወደ ዩኤስቢ የሚያገናኝ ገመድ ያስፈልጋል፤ በጣም ርካሾቹ ረጅም መረጃ ሲያልፍባቸው ይቆርጣሉ፤ ስለዚህ ቀድታችሁ ስትጨርሱ መልሳችሁ ወደ ኪቦርዱ በመላክ ፈትኑት። ከቀደመው ባለቤት የቀሩ ድምፆችን ሳታዳምጡ አታጥፉ። እኔ ከምጠቀምባቸው የድጋፍ ድምፆች አንዱ ማን እንደሠራው የማላውቀው የአንድ ጀርመናዊ ሥራ ነው።

ቤት ውስጥ ጥሩ የሚዲ ኪቦርድ ያለው ሰው ግን ባለ ቁልፉን ትቶ በ1998 የወጣውን ጄፒ-8080ን ይፈልግ። ቁልፍ የለውም፤ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ነው። ድምፆቹ ወደ አሥር አድገዋል፤ በማይክሮፎን የገባን የሰው ድምፅ ከሲንተሳይዘሩ ጋር የሚያዋሕድ ክፍልም ተጨምሮበታል፤ ጉድለቱ ሪበኑ የለውም፤ ድምፅ የሚቀመጥበት የስማርትሚዲያ ካርድም ዛሬ ከገበያ ጠፍቷል። በጀቱ ያነሰ ሰው በ2010 የወጣውን ሮላንድ ጋያ ኤስኤች-01ን ይመልከት፤ እሱም ምርቱ ቆሟል፤ ሱፐርሶው አለው፤ በአዳፕተርና በባትሪ ስለሚሠራ የቮልቴጅ ጣጣ የለበትም፤ ቁልፎቹ ሠላሳ ሰባት ብቻ ናቸው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ደግሞ በነፃ የሚገኙትን ሰርጅ ኤክስቲን ወይም ቫይታልን ይጫንና በአንድ ኦሲሌተር ውስጥ ሰባት ድምፆችን አብዝቶ፣ መራራቂያውን ዝቅ አድርጎ ይሞክር። በዚያ ከረካ ኪቦርዱን አያስፈልገውም። ስላይደር ፍለጋ እጁ ጠረጴዛው ላይ መንቀሳቀስ ከጀመረ ግን ቮልቴጁን ያንብብና ይግዛ።